የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም የት ገባ?

መቼም በእኛ አገር «ለእግዚአብሔር ሰጠ» የተባለ ሰው አይወቀስም። እኛም ልንወቅስ አልተነሣንም። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ መምህራችን ደጋግመው የነገሩን ነገር ነበር፦ የሰጠውን ጠይቃችሁ የተቀበለውን ሳትጠይቁ አንድ መስመር እንዳትጽፉ ይሉን ነበር። እነሆ ዛሬ ተቀባዩን ልንጠይቅ ነው። ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እንላለን፤ ጥያቄውን ግን አንተወውም።

ነገሩ የጀመረው ከመካከላችን በአንዷ ቤት ነው። እናቷ (እኛ እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው) እንጀራ ጋግረው ለሦስት ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣሉ። መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ መብራት ከሌለ ጓሮ ባለችው ጭስ ቤት በእንጨት ይጋግራሉ። ጭሱ ይሁን ዕድሜው እንጃ፣ የግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው፣ ግን ብዙ አታቆዩት ብሏል። እትዬ ታዲያ የ40 ሰው ዕቁብ ገብተው በየሳምንቱ 1,500 ብር ይጥሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ዕጣው ወጣላቸው። 60 ሺህ ብር! ግማሹ ለዓይን፣ የቀረው ለሁለተኛ ምጣድና ለጭስ ቤቱ ቆርቆሮ ነበር የታሰበው። ልጅቱም ደስ ብሏት ለሁላችንም ነግራን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ እናትና ልጅ ሽንኩርት እየላጡ፦

«እማዬ፣ ለዓይንሽ መቼ ቀጠሮ ላስይዝልሽ?»

«ተይው እሱን።»

«ምን ማለት ነው ተይው?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለእግዚአብሔር ነው የሰጠሁት! አንቺን ምን አገባሽ?»

ሽንኩርቱ እንባውን ለመሸፈን ጠቀመ እንጂ እዚያ ቤት የዚያን ዕለት እራት የበላ የለም።

እንደተባለው ከሆነ በዚያ እሑድ፣ በዕድሜ ከእኛ ብዙ የማይበልጥ አንድ ሰባኪ ተነሥቶ ስለ መበለቲቱ አስተማረ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሀብታሞች ከትርፋቸው ብዙ ብዙ ይጥላሉ፤ አንዲት ድሀ መበለት መጥታ ሁለት ሳንቲም ትጥላለች፤ ጌታችንም ከሁሉም አብልጣ የሰጠች እርሷ ናት፣ ያላትን ሁሉ፣ መተዳደሪያዋን ሰጥታለችና ይላል። ሰባኪው ይህንን ከተረከ በኋላ ወደ ሕንጻው ጉዳይ ገባ። ሕንጻው ካለቀ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ፣ የድምፅ መሣሪያው ከየት እንደሚመጣ አብራራ። ከዚያ፣ «ከትርፋችሁ የምትሰጡ ቁጭ በሉ፤ ከጉድለታችሁ የምትሰጡ ወደ ፊት ኑ» አለ። ሀብታሞቹ ቁጭ አሉ። እትዬ ተነሡ።

እስቲ ይህቺን ነገር አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቧት። ሀብታሞቹ ቁጭ አሉ!

የየትኛው ቤተ እምነት ሰባኪ እንደሆነ አንናገርም። ስሙን ብንጠራ ግማሾቻችሁ «አይ፣ እሱ የእነ እንትና ነው፣ ድሮም እነሱ…» ብላችሁ እፎይ ልትሉ ነው። እፎይ እንድትሉ አንፈልግም። ቋንቋው ይለያያል እንጂ ነገሩ የሁላችንም ደጅ አለ። አንዱ ጋ «ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» ይባላል። ሌላው ጋ የንግሥ ዕለት ድምፅ ማጉያው ከቅዳሴው በላይ «አንድ ሺህ ያለ! ሁለት ሺህ ያለ!» ሲል ይውላል፤ ጨረታ ነው ወይስ ጉባኤ እስክንል ድረስ። አንዱ ጋ ስክሪኑ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቴሌብር ምልክት ተደርድሮ ይወጣል። ሌላው ጋ ጥላ ዘቅዝቀው አስፋልት ለአስፋልት ይለምናሉ። ኩዌትና ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ ጥላውም ደጁም ሳያገኛቸው በስልካቸው ይደረስባቸዋል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የሆነባት ልጅ የወር ደመወዟን «ነቢይ» ለተባለ ሰው እየላከች ነጻነቷን ስትጠብቅ ዓይተናል።

ወደ እትዬ ስንመለስ፣ ልጅቱ ሳምንት ቆይታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ገንዘብ ልታስመልስ እንዳልሄደች መስክሩልን ካላችሁ እንመሰክራለን፤ አብረናት ከደጅ ቆመን ነበር። «ለእግዚአብሔር የተሰጠ አይመለስም» አሏት ገና ሳትናገር። «ለመመለስ አልመጣሁም፣ ምን ላይ እንደዋለ ልጠይቅ ነው» አለች። «እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ተባለች። ከኋላዋ አንድ ሸምገል ያሉ ገንዘብ ያዥ ተከትለዋት ወጡና ከገዛ ኪሳቸው 500 ብር አውጥተው በእጇ አስጨበጧት። «ልጄ፣ አትቀየሚን» ብለው ተመልሰው ገቡ። እኚህን ሰውዬ ደጋግመን እናስባቸዋለን። እዚያ ግቢ ውስጥ የዚያን ቀን ወንጌል ያነበቡ እርሳቸው ብቻ ይመስሉናል።

እንግዲህ ወንጌል ካልን አይቀር ወደ መጽሐፉ እንግባ። «እናንተ ጋዜጠኞች ስለ ቃሉ ምን ታውቃላችሁ» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ከመካከላችን ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገችም፣ ኳየር ውስጥ የዘመረም አለ፤ አሥራትም እናወጣለን። ደግሞም መጽሐፉ ዛሬ በአማርኛ ነው፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያነበዋል።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን ክፈቱ። የመበለቲቱ ታሪክ ከቁጥር 41 ይጀምራል። ሰባኪዎቻችን ሁሌም ከዚያ ነው የሚጀምሩት። እኛ ደግሞ እንለምናችኋለን፣ ከፍ ብላችሁ ከቁጥር 38 ጀምሩ። ጌታችን እዚያ ምን እያለ ነው? ረጅም ልብስ ለብሰው መዞር፣ በገበያ ሰላምታ መቀበል፣ በምኵራብም በግብዣም የፊት ወንበር ከሚወዱ ጻፎች ተጠበቁ ይላል። እነዚህ ሰዎች ለሰው ይምሰል ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ናቸው ይላል። የመበለቶችን ቤት! ይህን ተናግሮ ከመዝገቡ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ማን ትመጣለች? መበለት። ምን ይዛ? የመጨረሻዋን። ከዚያስ ምን ይሆናል? ገና ከመቅደሱ ሲወጣ ደቀ መዝሙሩ «የድንጋዩን ማማር ተመልከት» ሲለው፣ ይህ ሁሉ ሕንጻ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይቀር ይፈርሳል ይለዋል። ከላይ የመበለት ቤት በሊታዎች፣ ከታች የሚፈርሰው ሕንጻ፣ መካከል ላይ ሁለት ሳንቲሟን የጣለች ሴት።

ሴትዮዋን ማመስገኑ አይካድም፤ ልቧ ከሁሉም በልጧል። ነገር ግን ከላይ ያለውን ቁጥር ቆርጦ፣ ከታች ያለውንም ቆርጦ፣ ምስጋናዋን ብቻ ይዞ «እናንተም ለሕንጻችን እንደዚህ ስጡ» ማለት ምን ይባላል? እኛ በሙያችን እንዲህ ያለ ነገር ብናደርግ፣ የአንድን ባለሥልጣን ንግግር ከፊትም ከኋላም ቆርጠን ብናትም ዋሾ ነው የምንባለው። በመድረክ ላይ ሲሆን መገለጥ ይባላል።

«ሀብትህን ሁሉ ሽጠህ…» የሚለውም አለ። ለባለጠጋው ጎልማሳ የተነገረውን ማለታችን ነው። ሽጠህ ለማን ስጥ ነው ያለው? ለድሆች! ለእኔ አምጣ አላለም። ለደቀ መዛሙርቱ ከረጢት ስጥ አላለም፤ ከረጢቱን የሚይዘው ማን እንደነበረም እናውቃለን። ዘኬዎስ ደግሞ አለ። ዘኬዎስ ግማሽ ሀብቴን ለድሆች፣ የቀማሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል፣ ጌታችን «ሌላው ግማሽስ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆነለት ነው ያለው። እኛ የምናውቃቸው አንዳንድ መድረኮች ላይ ዘኬዎስ ቢመጣ «ወንድማችን ገና ሙሉ እምነት አልያዘም» ተብሎ ምክር በተሰጠው ነበር።

ሐናንያና ሰጲራ ደግሞ ማስፈራሪያ ሆነው ቀርተዋል። ትንሽ ያስቀረ ሰው ሁሉ «እንደ ሐናንያ እንዳትሆን» ይባላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን ግን እዩት። ጴጥሮስ ለሐናንያ መሬቱ ሳይሸጥ የአንተ አልነበረምን፣ ከተሸጠስ በኋላ ገንዘቡ በእጅህ አልነበረምን ይለዋል። ማስቀረት መብቱ ነበር ማለት ነው። የተቀሠፈው በመዋሸቱ ነው፤ ከፊሉን አምጥቶ «ሁሉም ይኸው» በማለቱ። እንግዲህ ስለ ገንዘብ መዋሸት የሚያስቀሥፍ ከሆነ ሒሳብ ደብቀው የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህንን ምዕራፍ ሲሰብኩ እንዴት አይፈሩም?

ከዚያ ምዕራፍ አንድ ገጽ መለስ ብላችሁ ደግሞ ምዕራፍ 4ን አንብቡ። መሬትና ቤት ያላቸው ሸጠው የሽያጩን ዋጋ በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ነበር። እዚያ ቆመ? አልቆመም። ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው መጠን ይታደል ነበር፤ ከእነርሱ ችግረኛ የሆነ አልነበረም። የሚሸጡት ያላቸው ናቸው፤ የሚቀበሉት የሌላቸው። ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ችላ ተባሉ የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት «አታጉረምርሙ፣ የተቀባውን አትንኩ» አላሉም። ሰባት የተመሰከረላቸው ሰዎች አስመርጠው ሾሙ። የዲቁና አገልግሎት የሚጀመረው ከዚህ ነው ይባላል፤ መበለቶች «ድርሻችን ቀረብን» ብለው ስለጠየቁ! የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ከመበለት ትቀበል አልነበረም፣ ለመበለት ትከፍል ነበር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ላይ መዝገብ እንኳን አለ፤ ስልሳ ዓመት የሞላትና ረዳት የሌላት መበለት ትመዝገብ ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ለገዛ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ከማያምን የከፋ ነው ይላል። ይህንን ጥቅስ በመዋጮ ቀን ሲጠቀስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልሰማንም።

ከሁሉ በላይ ዝም የተባለው ግን ማርቆስ 7 ነው። ፈሪሳውያን አንድ ዘዴ ነበራቸው። አንድ ሰው አባትና እናቱን መጦሪያ የሚሆነውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ካለ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ለወላጆቹ ምንም እንዳያደርግ ይተዉት ነበር። በእኛ አማርኛ ቁርባን ሲባል ሥጋ ወደሙ ስለሚታሰበን ይህ ክፍል በጆሯችን ያልፋል። ጌታችን ግን ተቆጥቷል፤ በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ ብሏቸዋል። ለዓይን ሕክምና የተጠራቀመን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር ነው» ብሎ መቀበል ከዚህ በምን ይለያል? አንድ የሚለየው ነገር ቢኖር ያኔ ልጁ የእናቱን መጦሪያ መስጠቱ ነው፤ ዛሬ እናቲቱ ራሷን ትሰጣለች።

አሥራትን በተመለከተ አጠር እናድርገው። ሚልክያስ 3 በየመድረኩ ይነበባል፤ እግዚአብሔርን ትሰርቁታላችሁ የሚለው። ከእሱ ሦስት ቁጥር ከፍ ሲል የሠራተኛን ደመወዝ በሚከለክሉ፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን በሚያስጨንቁ ላይ እመሰክራለሁ ይላል፤ ከመጽሐፉ መጀመሪያ ጀምሮም ዋናው ክስ ዕውርና አንካሳ መሥዋዕት በሚያቀርቡ ካህናት ላይ ነው። ዘዳግም 14 ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስገርም ነው። ሰውየው አሥራቱን ይዞ ወደ ተመረጠው ስፍራ ሄዶ ከቤተ ሰቡ ጋር ራሱ እንዲበላውና ደስ እንዲለው ታዟል፤ መንገዱ ከራቀበት በገንዘብ ለውጦ እዚያ ሲደርስ ነፍሱ የወደደችውን ገዝቶ። ሌዋዊውን እንዳይረሳ ይነግረዋል። በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ በደጁ ለሌዋዊ፣ ለመጻተኛ፣ ለድሀ አደግና ለመበለት። በዘኍልቍ 18 አሥራት ለሌዋውያን መሰጠቱን እናውቃለን፤ እነርሱ ደግሞ የርስት መሬት እንዳልነበራቸው እዚያው ተጽፏል። አሥራቱን የሚበሉት መሬት አልባዎች ነበሩ። ባለ ፎቆች አልነበሩም።

(በነገራችን ላይ በአገራችን «አሥራት» የሚባለው ነገር ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ግብር ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለሠራዊቱ ቀለብ ተብሎ ከገበሬው ይሰበሰብ የነበረው ይኸው ነው፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ ቆይቷል። ስሙ የእግዚአብሔር፣ ወጪው የቄሳር። እንግዲህ ቃሉን የተዋሰው ሁሉ ባለቤቱ አይደለም።)

አሁን ለተቃዋሚዎቻችን ጆሯችንን እንስጥ። «ቤተ ክርስቲያን ያለ ገንዘብ ትቁም?» የሚል አለ። አትቁም አላልንም። ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉልት ነበራት፤ አዋጁ ሲመጣ ያ ቀረና ነገሩ በአብዛኛው ምእመኑ ኪስ ላይ ወደቀ። ይህ እውነት ነው። የገጠሩ ቄስ በሳምንት ቀድሶ በሳምንት አርሶ እንደሚኖር፣ የቆሎ ተማሪው ውሻ እያባረረው እንደሚለምን፣ ዕጣንና ጧፍ አጥተው የሚዘጉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ እናውቃለን። እኛንም የሚያንገበግበን እሱ ነው! ከተማ ላይ አጥሩን ዙሪያውን ሱቅ አድርጎ የሚያከራይ ደብር እያለ የገጠሩ ለምን ጧፍ አጣ? ብልሹ አሠራርን ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በአደባባይ አውግዘውታል፤ እኛ ብንጠይቅ ምን ኃጢአት አለው? በሌላው ወገን ደግሞ በኪራይ አዳራሽ ተጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መሪው መኪና ሲቀይር፣ የመዘምራኑ የትራንስፖርት ግን የሚቸግርበት አለ። ያንንም ዓይተናል።

«የሰጪው ዋጋ በሰማይ ነው፣ ተቀባዩ የሚያደርገው እርሱን ይጠይቀዋል» የሚሉንም አሉ። እኛ የእትዬን ሰማያዊ መዝገብ ልንመረምር አልተቀመጥንም፤ ያ ከእኛ በላይ ነው፤ ዋጋቸውንም አናጣባቸውም። ጳውሎስ ግን የእርዳታ ገንዘብ ሲሰበስብ «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብሎ አልተወውም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን ሰው አብሮ ይልካል፤ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሰው እንዲቆጣጠረው ፈልጎ ሰው ካስመረጠ፣ የእኛ ሰፈር ሰባኪ ከጳውሎስ ምን ቢበልጥ ነው የማይጠየቀው? እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ስጦታ እንዳለው መጠን ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም፤ ለሌሎች ዕረፍት ለእናንተ መከራ እንዲሆን አይደለም የሚል ሐሳብ አለ። «ከጉድለታችሁ የምትሰጡ ወደ ፊት ኑ» ያለው ልጅ ይህንን ገጽ ሳያየው ያለፈ ይመስለናል።

«ቅዱሳን ሁሉን ትተው የለ?» ትሉናላችሁ። ትተዋል። አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያው ለባለጠጋው የተነገረው ቃል ሲነበብ ሰማና የወረሰውን መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ሌላውንም ሸጦ ለድሆች በተነ፤ ለታናሽ እኅቱ ግን ጥቂት አስቀረ። በኋላ ያንንም ሰጠ፤ እኅቱን ግን ለታመኑ ደናግል አደራ ሳይሰጥ ወደ በረሃ አልሄደም። የመነኮሳት አባት የተባለው ሰው እንኳ «እኅቴን እግዚአብሔር ያውቃታል» ብሎ አልጣላትም። ሁሉን ከሰጠ በኋላም የሚኖርበት ዋሻና መቃብር ቤት ነበር። ሰጪም መናኝም አንድ ሰው ነው። የእኛ ዘመን ነገር የተገላቢጦሽ ሆኖ የምትመንነው እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ሰባኪው!

ይህ ነገር ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ጎረቤቶቻችን አይተውታል። በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩጋንዳ ካኑንጉ ላይ በቃጠሎ ያለቁት ምእመናን ንብረታቸውን ሸጠው የገቡ ነበሩ። በ2023 ደግሞ ኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ ፖል ማኬንዚ የተባለውን ሰባኪ ተከትለው፣ ቤት ንብረታቸውን ትተው ሄደው በረሃብ ያለቁት ሰዎች አስከሬን ከ400 በላይ ሆኖ ነው ከጉድጓድ የወጣው። የእኛ ሰባኪዎች እንደዚያ ናቸው አንልም፤ አይደሉም። ግን «ሁሉን ስጥ፣ አትጠይቅ» የሚለው ትምህርት ሲለመድ ሰው ማቆሚያውን ማን ይነግረዋል?

ሁሉን ሰጡ ከተባለ የምናውቃቸው ሰው አሉን። አበበች ጎበና። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ሄደው ረሃብ የመታውን ሕዝብ አዩ። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፍለው ሕፃኗን ይዘው ተመለሱ። ብዙ ሳይቆይ ቤታቸው በልጆች ሞላ፤ ባል ወይ ልጆቹን ወይ እኔን አሉ፤ ልጆቹን መረጡና ከትዳርና ከሞቀ ቤት ወጡ። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስካረፉ ድረስ በዚያው ኖሩ። እንግዲህ እኚህ ሴት ስለት ሊያደርሱ፣ በረከት ሊቀበሉ ነበር መንገድ የወጡት። ጸበሉን ሳይቀር ለተጠማ ሰጡት። ለእግዚአብሔር ስጡ ሲባል እኛ የምናስበው እንደዚህ ያለውን ነው፤ ሰጪዋ ታውቃለች፣ ተቀባዩ ታውቋል፣ ልጆቹም አድገው ቆመዋል። ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም፣ ደረሰኙ ራሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይታያላ!

ደግሞ ቃላችንን እንኳን ብንሰማው። በየደጀ ሰላሙ ያለው ሣጥን ስሙ ሙዳየ ምጽዋት ነው። ምጽዋት ለማን ነው የሚሰጠው? ለድሀ። ድሀው ግን ከአጥሩ ውጭ ተደርድሮ «ስለ ማርያም፣ ስለ ገብርኤል» ይላል፤ ሣጥኑ ከአጥሩ ውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። ሰው ከሣጥኑ ሲመለስ በኪሱ የቀረችውን ፍራንክ ለድሀው ይጥላል። ስሙ የድሀው፣ ገንዘቡ የሌላ።

ከዚህ በኋላ የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። ማንኛውም ሰፈር ዕድር እንኳ በየዓመቱ ሊቀመንበሩ ቆመው፣ «ይህን ያህል ገባ፣ ድንኳን ለመግዛት ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ» ብለው ያነብባሉ። እናቶች «ምስማሩስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ማንም «የዕድሩን ዳኛ ተዳፈርሽ» አይላቸውም። ከዕድር ያነሰ ሒሳብ ያለበት የእግዚአብሔር ቤት ለምን ይኑረን? በየዓመቱ ይነበብልን። ለድሀ ስንት ወጣ የሚለው መስመር ለብቻው ይነበብልን። ካልተነበበልን ደግሞ እኛ አሥራታችንን ከአጥሩ ውጭ ላሉት እያደረስን እንቀጥላለን፤ ባለፈው ስምንት ወር እንዳደረግነው። እርግማን ይምጣ ያለን ሰው ነበር። እስካሁን አልመጣም፤ የመጣው የቤት ኪራይ ጭማሪ ነው፣ እሱም ለሁሉም ነው የመጣው።

የእትዬ ዓይን ጉዳይስ? ዕድሩ 15 ሺህ ብር አበደራቸው፣ እኛ አዋጣን፣ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት የሁለት ወር እንጀራ ሒሳብ አስቀድመው ከፈሉ። የግራ ዓይናቸው ተሠርቶላቸው ፋሻው ሲፈታ ገብተን ነበር። መጀመሪያ ያዩት ጭስ ቤቱን ነው፤ «ይሄ ሁሉ ጥላሸት ነበር እንዴ?» አሉ። ሳቅን። ከዚያ ልጃቸው «ይቆጭሻል ወይ፣ እማዬ?» ስትላቸው፣ «ለአምላኬ የሰጠሁት ምን ይቆጨኛል?» ብለው ኮስተር አሉባት። አልተከራከርናቸውም። የሰጡበትን ልብ ለመከራከር እኛ ማን ነን? ሰባኪውን ቢሆን ግን እዚያው ብናገኘው ጥሩ ነበር፤ ፋሻውን ይዞ እንዲቆም እንጂ ለሌላ አይደለም።

አሁን ዘንድሮ ሌላ ዕቁብ ገብተዋል። ዕጣው ገና አልወጣላቸውም። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ቡናውን እየቀዱ «እሱን ሲወጣ እናያለን» ብለው አለፉን።